ዶሮዋ በሕይወት ወጥታ ነበር

ጉድጓድ የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብኝ ነበር። ምንም የማያውቅ ሰው ፈርቶ ይሸሻል። እኔን ለሕመም የዳረገኝ ግማሽ ዕውቀት ነው።

ስሜ ሰይድ ነው። ሐይቅ ከተማ እኖራለሁ፤ የውሃና የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ። ሙያው ከአባቴ የመጣ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በአርዲቦ በኩል የማሽላ ጉድጓድ ሲከፈት ተጠርቶ የሚሄድ ሰው ነበር። ማሽላ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሲከርም የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ስለዚህ አባቴ ጉድጓዱን ከፍቶ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ያወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ማንም አይገባም። ካልጠፋ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ “ቢስሚላህ” ብሎ ይወርዳል። ገመዱን የያዘው ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ነው ቢሉት እንኳ አይለቅም። እኔም በዚህ ሥርዓት ነው ያደግኩት፤ ስንት ጉድጓድ ወርጄ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልነካኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ጌታቸው አዲስ ሥራ ይዞ መጣ። ከመንገዱ ዳር ከተዘጋ ዘመን ያስቆጠረ አሮጌ ማደያ አለ፤ ቦታውን የገዛው ነጋዴ ሕንፃ ሊያቆምበት ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረው የቤንዚን ታንከር መውጣት አለበት። ክሬን እስኪመጣ ዙሪያውን እንድንቆፍር፣ ክብደቱ እንዲቀንስም ከውስጡ የቀረውን አተላ ጠርገን እንድናወጣ ተስማማን። አተላ የምለው የነዳጁን ዝቃጭ ነው። ጓንት አልተሰጠንም፣ የመተንፈሻ ጭምብል አልተሰጠንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጉድጓድ ያው ጉድጓድ ነው አልን።

የታንከሩን ክዳን ፈትተን አሳደርነው። በማግስቱ ኩራዝ ማውረድ የማይታሰብ ነው፤ ቤንዚን ላይ እሳት የሚያወርድ ሞኝ አይደለንም። ጌታቸው ትንሽ አሰበና ወደ ገበያ ሄዶ አንዲት ቀይ ዶሮ ይዞ ተመለሰ። በቅርጫት አድርገን በገመድ አወረድናት። ጆሯችንን ወደ ታንከሩ አፍ አስጠግተን ድምፅዋን እየሰማን ጥቂት ቆየንና ስበን አወጣናት። ራሷን ነቀነቀች፣ ክንፏን አራገፈች፣ ከዚያ አፈሩን መጫር ጀመረች።

“በል እንግዲህ ሰይድ፣ ዶሮዋ ፈቅዳልሃለች” አለኝ ጌታቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ጫማዬ እንዳይበላሽ አወለቅኩት። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ወገቤን በገመድ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ወረድኩ። አተላው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው፤ ከላይ ቀጭን፣ ከሥሩ እንደ ጭቃ የረጋ ነው። በአካፋ ስነካው ከሥር የተነሣው ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ባልዲ ሞልቼ ወደ ላይ ላኩ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ሳቅ አለኝ። በሕይወቴ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሰከርኩ። ጌታቸው ስሜን ሲጠራ ይሰማኛል፤ ለምን መልስ መስጠት እንዳለብኝ ግን አልገባኝም። ቀጥሎ የማስታውሰው ከላይ አፈር ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሳይ ነው።

ጌታቸው አጠገቤ ተቀምጦ ገመዱን ከወገቤ ይፈታል። ደንግጦ ሊከተለኝ አንድ እግሩን ታንከሩ ውስጥ አስገብቶ እንደ ነበር በኋላ ነገረኝ። ገመዱ እጁ ላይ መሆኑ ትዝ ብሎት ነው ተመልሶ የጎተተኝ። ወርዶ ቢሆን ኖሮ የሁለታችንም ሬሳ ነበር የሚወጣው። ታንከር ውስጥ ጓደኛው ሲወድቅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መውረድ ነው፤ እባካችሁ አትውረዱ።

ነጋዴው ወተት አስመጣልኝ። “ወተት ጋዝ ይሰብራል” ሲባል ሰምተናል፤ ጠጣሁና አስመለሰኝ፤ ሲሻለኝ ተመልሼ ወረድኩ። አዎ፣ ተመልሼ ወረድኩ። በየመሐሉ እየወጣሁ አየር እየወሰድኩ ሥራውን ጨረስን። ክሬኑ ታንከሩን አውጥቶ ሲያጋድመው ቆራርጦ እንዲሸጠው የተጠራ በያጅ መጣ። አፉ ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ዕቃውን ሳያወርድ ተመለሰ። “ይህንን በእሳት ከነካሁት አብረን ነው የምንሄደው” ነበር ያለው። ከሁላችንም የተሻለ አእምሮ የነበረው እሱ ነው።

ስለ አተላው ከሰማ ጎረቤት ጀሪካን ያልያዘ አልነበረም። ምስጥ ለሚበላው የአጥር እንጨት ፍቱን ነው ይባላል። እኔም አንድ ጀሪካን ሞልቼ ወደ ቤቴ ወሰድኩ።

ሕመሙ የጀመረኝ በእንቅልፍ ማጣት ነው። ደክሞኝ ስጋደም ዓይኔ አልከደን ይላል፤ ትንሽ ሸለብ ካደረገኝ ደግሞ እየጮኽኩ እነቃለሁ። ምላሴ ላይ ፀጉር የተኛ ይመስለኛል። በጣቴ ብፈልገው የለም፤ ግን አለ። ባለቤቴ ዘሀራ በስልኳ መብራት አፌን እያየች “የለም ሰይዶ፣ ወላሂ ምንም የለም፤ አብሽር” ትለኛለች። እንዲህ እያለችኝ ስንቱን ሌሊት እንደገፋነው አላህ ያውቃል። ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሻይ ሳልደፋ መጠጣት አቃተኝ። ከሁሉ የከፋው ቁጣው ነበር። እኔ ሲነኩኝ እንኳ የምትስቅ ሰው ነህ ይሉኛል፤ ልጄ ከመሳቋ በቀር ምንም ሳታደርግ ሰሃን አንሥቼ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጥኩ። ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ ስታየኝ፣ የምታየው ሰው እኔ መሆኔን መቀበል አቃተኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ተመረመርኩና ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ነው ብለው መርፌ ወጉኝ። ሦስተኛው ቦታ ጨጓራ ነው አሉኝ። በየአግዳሚው ተራ ስጠብቅ የማስታውሰው የራሴን ጉልበት ነው፤ ሰው እንዳያየኝ የሚንቀጠቀጠውን እጄን በጉልበቶቼ መሀል ቀብሬ እቀመጥ ነበር። አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ይህንን አይተው ምንም ሳይሉ ብርቱካን ልጠው፣ ፈልቀቅ ፈልቀቅ አድርገው አጎረሱኝ። በዚያ ወቅት ከተወጋሁት መርፌ ሁሉ ያቺ ብርቱካን ነች የጠቀመችኝ። ለሕክምናው በሬያችን ተሸጠ፤ ቀጥሎ የሬዲዮውና የጠረጴዛው ተራ ደረሰ። በየደረስኩበት ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ እባላለሁ፤ ምን ሠራህ ያለኝ ግን አልነበረም። እኔም ከታንከሩ ጋር አላገናኘሁትም። ዶሮዋ እኮ ደህና ናት፤ ጌታቸው ቤት እንቁላል ትጥላለች።

እህቴ ከድጃ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው የምትኖረው። አየር ይለውጥ ብላ ወሰደችኝ። እዚያ በገባሁ በሳምንቱ እንቅልፍ መጣልኝ። ከሐይቁ ዓሣ እየተጠበሰልኝ በላሁ፣ እጄ ረጋ፣ ፀጉሩ ከምላሴ ላይ ጠፋ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ብዙም ሳልቆይ ሕመሙ እንደ ነበረው ተመለሰ። እንደገና አርዲቦ ወሰዱኝ፤ እንደገና ተሻለኝ። ቤቴ ስገባ እንደገና ወደቅኩ።

እናቴ ከእኛው ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው። ብልህ ሴት ናት፤ ነገር አይታ ታገናኛለች። ይህንንም አገናኘችው።

“አርዲቦ ሲሄድ ይድናል፣ እሷ ዘንድ ሲመለስ ይታመማል” አለች ጎረቤት በተሰበሰበበት። “ይህንን ለማወቅ ሐኪም መሆን ያሻል? ደግሞስ የባሏን አልጋ ሸሽታ መደብ ላይ የምታድር ሚስት የት አገር አለች? ይህች ሴት ገፊ ናት፤ ልጄን ልትቀብርብኝ ነው።”

ዘሀራ የአምባሰል ልጅ ናት። የአባቷ ቤት ነገር የሚመዘንበት፣ ቃል የማይዘነጋበት ቤት ነው። ገፊ ከመባል በእንጨት ቢመቷት ይሻላት ነበር። “እማ፣ አላህ ይይልኝ አልልም” አለች፤ “ግን እኔ በልጅዎ ክፉ አስቤ አላውቅም።” ከዚያ ወደ አባቷ ቤት መልእክት ላከች። ወንድሟ መጥቶ ዕቃዋን ሲያወጣ እኔ አልጋዬ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንቀጠቀጣለሁ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጫጫታ የሷን ኮቴ እንኳ አያሰማኝም። ልጃችንን አዝላ በሩ ላይ ቆመች።

“ሰይዶ፣ ስማኝ” አለች። “እኔ ስሄድ ከዳንክ እሰየው፣ አልመለስም። ካልዳንክ ግን ላክብኝ።”

አልዳንኩም። እናቴ ራሷ አጠገቤ እየዋለች፣ በእጇ እያጎረሰችኝ፣ እኔ ከበፊቱ ባሰብኝ። ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ሲሄድ ማየት ጀመርኩ። እናቴ ሸህ ዘንድ ወሰደችኝ። ሸሁ ቁርአን ቀሩብኝ፣ ውሃ ላይ ተፉልኝ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረው “ዱአው ከኔ ነው፣ ምርመራው ከሐኪም ነው። ደሴ ውሰዱት” አሏት። ጌታቸው መኪና ይዞ መጣ። ከመሳፈሬ በፊት በስልኩ ለዘሀራ አስደወልኩ። ያልኳት አንድ ቃል ነው፦ “አልዳንኩም።”

ደሴ ሆስፒታል ተራ ስንጠብቅ ዘሀራ በኮሪደሩ መጣች። እናቴ በቀኜ ተቀምጣለች፤ ዘሀራ በግራዬ ተቀመጠች። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። እኔ መሀላቸው ሆኜ አእምሮዬ ከሄደ ከሁለቱ ማንኛቸው እንደምታነሣኝ አስብ ነበር። ፍርሃቴ ሞት አልነበረም። በቁሜ እብድ ሆኜ ልጄ በሩቅ የምትሸሸኝ ሰው መሆን ነው የፈራሁት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀቶቼን አየችና ወደ ጎን አደረገቻቸው። “አባባ ሰይድ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?” አለችኝ። ለአባባነት ገና ነበርኩ፤ ሕመሙ አስረጅቶኝ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ አልኳት። “ከመታመምዎ በፊት የቆፈሩት ምን ነበር?” ስትል ጌታቸው በሩ ላይ እንደ ቆመ የታንከሩን ነገር ተረከላት። ዶሮዋንም አልተወም። እሷ አልሳቀችም።

“ዶሮዋ ስለ አየሩ ነው የነገረቻችሁ፤ እሱም አተላው ሳይነካ ስለ ነበረው አየር” አለች። “ሲቀሰቅሱት የሚወጣውን አላየችም። በባዶ እግር አልቆመችበትም። የዱሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ የመጻፊያው አይደለም፣ ብረቱ ነው። በትንፋሽም በቆዳም ይገባል፤ የሚያጠቃውም አእምሮን ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስቃዣል፣ ምላስ ላይ ፀጉር ያለ ያስመስላል።”

ስለ ፀጉሩ ገና አልነገርኳትም ነበር። ሳላስበው እንባዬ መጣ። ለካ እብድ አይደለሁም።

“አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ” ብላ ቀጠለች። “ከታንከሩ ከወጡ ብዙ ጊዜ ሆኗል። እየቀነሰ መሄድ ነበረበት። አርዲቦ ሲሄዱ ይሻልዎታል፣ ቤት ሲገቡ ይብስብዎታል። ቤትዎ ውስጥ አንድ ነገር አለ።”

እናቴ አቀረቀረች። ያንን ቃል እሷም ብላው ነበር።

“ከሥራው ቦታ ወደ ቤት የወሰዱት ነገር ይኖራል?”

“የለም” አልኩ። ወላሂ ትዝ አላለኝም፤ ሕመሙ ስንት ነገር አጥፍቶብኛል።

“አለ እንጂ” አለች ዘሀራ። “አንድ ጀሪካን አተላ አምጥቶ አልጋውን ቀባበት። ትኋን ነበረብን። እንጨቱን፣ ስንጥቁን፣ ጠፍሩን ሳይቀር እያገላበጠ አጠጣው። እኔ ሽታው ራሴን ሲመታኝ ልጄን ይዤ መደብ ላይ ወረድኩ። እሱ ግን ሌላ አልጋ የለንም ብሎ እዚያው ተኛበት።”

“ትኋኑስ?” አለች ሐኪሟ።

“አንድ አልቀረም።”

“እንግዲህ ትኋኑን የጨረሰው ነው እሳቸውንም እየጨረሰ ያለው።”

 እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ያዘች። አልጋው የእሷ ነበር፤ ከአባቴ ጋር የኖረችበትን አልጋ ነው ስንጋባ የሰጠችን።

ደሜ ተቀድቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ መልሱም ሐኪሟ ያለችውን አረጋገጠ። የዘሀራና የልጄም ተላከ። የእነሱን ውጤት የጠበቅንበት ጊዜ ከራሴ ሕመም ይበልጥ ጨንቆኛል፤ መልሱ ሲመጣ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘባቸውም። መደቡ ነው ያተረፋቸው። ለእኔ የታዘዘልኝ ማስታገሻና ማስተኛ ነው። “ዋናው መድኃኒት ከዕቃው መራቅ ነው፣ ሌላው በጊዜ ይወጣል” ተባልኩ። ጭሱም መርዝ ስለሆነ አልጋው እንዳይቃጠል፣ ቤቱ እንዲታጠብ፣ ልብሴ እንዲጣል ታዘዘ። ጎረቤት “እንጨት እኮ ነው፣ ለማገዶ ስጡን” ብሎ ለመነ፤ ጌታቸው አባሮ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ከውሃ ጉድጓድም ከሐይቁም ርቆ ቆፍሮ ቀበረው። እናቴ ቆማ ስታይ ነበር። አጥራቸውን የቀቡት ጎረቤቶችም ልጆቻቸው እንጨቱን እንዳይነኩ ሲነገራቸው ደነገጡ።

ዘሀራ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ አባቷ ቤት ነበር የተመለሰችው። ሽማግሌ ላክን። አባቷ “የተሰደበችው በሰው ፊት ነው፤ ስድቡ የሚነሣላትም በሰው ፊት ይሁን” ብለው መለሱ። ስለዚህ እናቴ ራሷ በመኪና አምባሰል ወጣች፤ እኔ በዱላ ተደግፌ ተከተልኳት። ሰዉ ከተሰበሰበ በኋላ ቆማ እንዲህ አለች፦

“ልጄን ያሳመመው አልጋው ነው፤ ዘሀራ ነፃ ናት። አይቻለሁ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ያየሁት ግን ግማሹን ነው። በአላህ ይሁንባችሁ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።”

 “አውፍ ብያለሁ እማ” አለች ዘሀራ። “አልጋ ግን አይግዙ። ለጊዜው መሬት እንተኛለን፤ እሱ በተኛበት እኔም እተኛለሁ።”

አሁን እጄ ለሻይ በቅቷል፤ ለዶማ ገና ነው። ጌታቸው በቅርቡ ሌላ የታንከር ሥራ ሊሰጡት ደውለውለት ነበር። “መጀመሪያ ጋዙን የሚለካ መሣሪያና የመተንፈሻ ጭምብል ያለው ባለሙያ አምጡ፤ እኔ ዶሮ ገዝቼ አልመጣም” ብሎ ዘጋባቸው። ይህንን የሚያነብ ጉድጓድ ቆፋሪ ወንድሜ ካለ ይህንኑ ይበል። ገብቶ የታመመም ካለ፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም የሠራውን ሥራ ራሱ ይንገር፤ ከሥራው ወደ ቤቱ ያመጣውንም ይመልከት።

በታመምኩባቸው ወራት ሁሉ የሱብሂ አዛን ሲሰማ ነቅቼ ነበር የሚያገኘኝ። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ፣ አሁንስ ነጋልኝ እያልኩ እጠብቀዋለሁ። ዘሀራ ከአምባሰል በተመለሰች በሰሞኑ፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ልጃችንን መሀል አድርገን ተኝተን ሳለ፣ ከሩቅ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ምን እንደሆነ ወዲያው አልለየሁትም። ዓይኔን ስገልጥ ዘሀራ ተቀምጣ ታየኛለች፤ እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማለች።

“ልጄ፣ አትቀስቅሺው” ትላለች እናቴ በሹክሹክታ፣ ለዘሀራ።

“እኔ አይደለሁም እማ” አለች ዘሀራ፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። “አዛኑ ነው የቀሰቀሰው።”